ጥለት ላይ የሚያርፍ ምልክት

አቅራቢ፦ በሲሪንቃም ሆነ በመርሳ ነጭ የበዓል ቀሚስ ሲለበስ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ጥለቱ ላይ ነው። ጥለቱ ላይ ያለው መስቀል እንዴት ይሸመናል? ሸማኔው ድሩን ወጥሮ ማጉን በመወርወሪያ ያሳልፋል፤ ጥለቱ ጋ ሲደርስ የድሩን ክር በጣቱ እየቆጠረ ባለቀለሙን ክር ያስገባል። ድርና ማግ ቀጥ ብለው ስለሚቋረጡ ክብ መስመር ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ ከሌሎች ሃይማኖቶች ምልክቶች ብንወስድ፣ የሂንዱዎቹ የሎተስ አበባ ሸማኔን ያደክማል። ክንዶቹ የታጠፉት መስቀል፣ ስዋስቲካቸው፣ ግን በቀጥተኛ መስመሮች የተሠራ ነውና ይቀላል። ለእኛም ባዳ አይደለም፤ ላሊበላ፣ ቤተ ማርያም መስኮት ላይ በዚሁ ቅርጽ የተፈለፈለ መስቀል አለ። ናዚዎች ስሙን ስላጠፉት ግን ለቀሚስ አልመክረውም። ጥለት የምታሠሩ፣ ንድፉን አስቀድማችሁ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ሣሉት።