የመብራትና የማገዶ ዕዳ በደጃችን

(በመስጊዱ ኮሚቴ የመታሰቢያ ዝግጅት ላይ በሺሺንዳ የተደረገ ንግግር)

 

ንግግር እንዳደርግ ስጠየቅ ስለ መስጊዳችን ታሪክ እንድናገር ታስቦ እንደነበር ዐውቃለሁ። ታሪኩን ከእኔ አብልጠው የሚያውቁት ሽማግሌዎች እዚሁ ተቀምጠዋል። እኔ የመረጥኩት ስለ መብራትና ስለ ማገዶ ዕዳ ነው።

ባለፈው ረመዷን ከተራዊሕ ስመለስ ከአጥራችን ጀርባ የቲሞች የሚያሳድጉ አንዲት እናት ቤት ደጃፍ ላይ ሰላም ልል ቆምኩ። ቤቱ ጨለማ ነው። «እናቴ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?» ብላቸው፣ «የለም ሸኽ፣ የተቆረጠው የእኛ ብቻ ነው» አሉኝ። ከጎረቤት ቆጣሪ በተቀጠለ ሽቦ ነበር የሚያበሩት፤ የሦስት ወር ሒሳብ ሲጎድልባቸው ሽቦው ተነቀለ። ልጃቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ በሚናራችን አምፖል ብርሃን ደብተሩን ያነባል። እኔ በዚያው ሳምንት ስለ ጎረቤት ሐቅ ኹጥባ አድርጌ ነበር።

ይህ የአንድ ቤት ነገር አይደለም። የራሱ ቆጣሪ የሌለው ሰው ከጎረቤቱ ይቀጥላል፤ በአንድ ቆጣሪ አራትና አምስት ቤት ይሰበሰባል። የመብራት ታሪፉ ደግሞ ጥቂት ለሚጠቀም በርካሽ፣ ብዙ ለሚጠቀም በውድ ሆኖ የተሠራ ነው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ዝቅተኛው እርከን ለድሃው ታስቦ የተቀመጠ ነው። ሁለት አምፖል ብቻ የምታበራ ሴት የራሷ ቆጣሪ ቢኖራት በዚያ እርከን ውስጥ ትቀር ነበር። በጋራ ቆጣሪ ግን የባለ ኤሌክትሪክ ምጣዱና የባለ ፍሪጁ ፍጆታ ተደምሮባት በውዱ ዋጋ ትከፍላለች። ታሪፉ ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ ተጨምሯል፤ ከመስከረም 2017 ወዲህም በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ተወስኗል። ስለዚህ ባለ ቆጣሪ የሆናችሁ ወንድሞች፣ በእያንዳንዱ አምፖል ላይ የምትጥሉትን ሒሳብ አንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ አስቡት። ትርፍ የምታገኙበት ከሆነ ከማን እንደሆነ እዩ።

የእኛ ዝናብ በጎጀብ አድርጎ ኦሞ ይገባል፤ በኦሞ ላይም ግልገል ጊቤ ሦስት በ2009 ተመርቋል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ አልሐምዱሊላህ። ግድቡ ግን የዚያችን እናት የሦስት ወር ሒሳብ አይከፍልም።

መብራቱ ሲቆረጥ ሻማ፣ የባትሪ ድንጋይና ነጭ ጋዝ ከሱቅ በዱቤ ይወሰዳል። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣት ከጀመረ ወዲህ ነጭ ጋዝም የሚቀመስ አልሆነም። ዱቤው ሲጠራቀም «በቡናው ይያዝልኝ» ይባላል፤ ቡናው ገና ዛፉ ላይ አረንጓዴ ሳለ በርካሽ ይሄዳል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ፍሬ ሳይበስል እንዳይሸጥ መከልከላቸውን መድረሳ የገባ ሁሉ ያውቃል። አውቀን ግን እንገዛለን።

ማገዶውም እንዲሁ ነው። በእኛ አገር ዝናብ እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ጭሱ ዓይን ያጠፋል። ጫካችን በ2002 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ እንደ ልብ የሚቆረጥ አይደለም። እንጨት ተሸክመው ገበያ የሚያወርዱት አብዛኞቹ ማንጆ እየተባሉ ሲገለሉ የኖሩ ወገኖቻችን ናቸው። እነርሱን በአሥር ብር ከመጨቃጨቅ ይልቅ የምንፈጀውን እንጨት ብንቀንስ ይሻላል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ ምጣዱን ዙሪያውን ስለሚከልል ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ይህ ለአንዲት ደካማ እናት በየሳምንቱ አንድ ሸክም ማለት ሊሆን ይችላል።

ዕዳ በዲናችን ቀላል ነገር አይደለም። ዕዳ ጥሎ የሞተ ሰው ጀናዛ በቀረበ ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለመስገድ አልፈቀዱም፤ አቡ ቀታዳ ዕዳውን በራሳቸው ላይ ሲያደርጉ ግን ሰገዱበት። ሱረቱ አት-ተውባ በ60ኛው አንቀጽ ባለ ዕዳዎችን ከዘካ ተቀባዮች ቆጥሯል፤ ሱረቱል በቀራ በ280ኛው ለተቸገረ ባለ ዕዳ ጊዜ እንዲሰጠው አዟል። እኛ ግን ባለ ዕዳ ሲባል የከሰረ ነጋዴ ብቻ ይታየናል። የመብራት ሒሳብና የነጭ ጋዝ ዱቤ ያለባት ሴት አታፍርም ብላችሁ ነው? ከነፍጥር ብላ ከመለመን ጨለማ ውስጥ ማፍጠርን ትመርጣለች።

ስለዚህ ለኮሚቴው ያቀረብኩት ይህ ነው። የተጠራቀመው ዕዳ ከዘካው የባለ ዕዳዎች ድርሻ ይከፈል። የቆጣሪ ማስገቢያውና የምድጃው ወጪ ከሰደቃ ይሁን፤ ዘካን ለዕቃ ማዋል የዑለሞች ልዩነት ያለበት ስለሆነ አልነካውም። ገንዘቡ ለባለ ሱቁና ለመብራት ክፍያው በቀጥታ ይድረስ፣ ስም በአደባባይ አይጠራ። ጎረቤት ስል ደግሞ ሙስሊሙን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ሰደቃው ለክርስቲያን ጎረቤታችንም ይደርሳል። መዝገቡ እኔና ሁለት የኮሚቴ አባላት ዘንድ ይቀመጣል፤ ከጁሙዓ በኋላ የሚፈልግ ለብቻው ያናግረን።

የሚናራውንም አምፖል ከዒሻ በኋላ አጥፍተን ሒሳቡን ለዚህ እናውል ብዬ ነበር። ያ ልጅ ግን ሰምቶ መጣና «ሸኽ፣ ፈተና እስክጨርስ አታጥፉብኝ» አለኝ። የእናቱ ቆጣሪ እስኪገባ ድረስ ይበራል።