የፎቶ ኮፒ መኪና ድራም ያለ ዕድሜው ስለ ማለቁ
ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በብዙ መሥሪያ ቤቶች የፎቶ ኮፒ መኪና ሲበላሽ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ድራሙ አልቋል» ይባላል። ድራም ይታዘዛል፤ የውጭ ምንዛሪ ወጥቶበት ይመጣል፤ ይገጠማል፤ ኮፒውም ለጥቂት ጊዜ ይጠራል። ከዚያ በኋላ ያው ጥቁር መስመር፣ ያው ግራጫ ጀርባ ተመልሶ ይመጣል። ሁለተኛው ድራም ሲታዘዝ አስመጪው ይወቀሳል፤ ሦስተኛው ሲታዘዝ ደግሞ ወቀሳው መኪናውን በሚያሠራው ሠራተኛ ላይ ይዞራል። ድራሙን የበላው ነገር ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ጥያቄ ነው፤ ያለ ዕድሜው ያለቀ ድራም ብዙውን ጊዜ ተበዳይ እንጂ በዳይ አይደለምና።

ቼስተር ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1938 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ አስቶርያ በተባለው ሰፈር የመጀመሪያውን ደረቅ ኮፒ ሲያወጣ የተጠቀመው ድኝ የተቀባ የዚንክ ሰሌዳ ነበር። ሰሌዳው በመሐረብ ተፈትጎ የኤሌክትሪክ ሙል ተሰጠው፤ በብርሃን የተጻፈበት ምስል በዱቄት ተገለጠ፤ ዱቄቱም ወደ ወረቀት ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው ዜሮክስ 914 በድኙ ፈንታ ሴሌንየም የተቀባ ድራም ይዞ መጣ። ዛሬ በአብዛኞቹ የቢሮ መኪናዎች ውስጥ የሚገኘው ደግሞ በአሉሚኒየም ቱቦ ላይ የተለበጠ ስስ ኦርጋኒክ ሽፋን ነው። የዚህ ሽፋን ውፍረት ከ20 እስከ 30 ማይክሮን ያህል ሲሆን፣ ከአንድ የሰው ፀጉር ውፍረት ግማሽ እንኳ አይሞላም። ድራሙ በዞረ ቁጥር ይህ ስስ ቆዳ በጨለማ ሙል ይሰጠዋል፤ ብርሃን ያርፍበታል፤ ቶነር ይለጠፍበታል፤ ወረቀት ያልፍበታል፤ በመጨረሻም የተረፈውን ቶነር ለማንሣት ብሌድ የተባለው የፖሊዩሬቴን መጥረጊያ ይፍቀዋል። ስለዚህ መሳሳቱ የተፈጥሮ ግዴታው ነው። የሚያነጋግረው ከሚገባው በላይ ፈጥኖ መሳሳቱ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ጥፋቱ በእርግጥ የድራሙ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በኮፒው ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን መስመር ሲታይ፣ ከኮምፒዩተር አንድ ገጽ ማተም ይበቃል። የታተመው ገጽ ንጹሕ ከሆነ ድራሙ ነጻ ነው፤ ጥፋቱ ኦሪጅናሉን ከሚስበው ክፍል ሥር ባለው ጠባብ መስተዋት ላይ የደረቀ የነጭ ማረሚያ ቀለም ጠብታ ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ጠብታ ምክንያት የተጣለ ደኅና ድራም ጥቂት አይደለም።

ነጥብ ወይም እድፍ እየተደጋገመ ሲታይ ደግሞ ማስመሪያ ያስፈልጋል። የድራሙ ዲያሜትር 30 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ የድራም ጥፋት በየ94 ሚሊ ሜትሩ ይደገማል። 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ሙል ሰጪ ሮለር ግን በየ38 ሚሊ ሜትሩ ገደማ ምልክት ይተዋል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ለይቶ የሚያውቅ ቴክኒሻን መኪናውን ሳይፈታ ወንጀለኛውን ግማሽ መንገድ ይዞታል። ወረቀቱ መንገድ ላይ ሳለ መኪናውን አቁሞ ድራሙን መመልከትም የቆየና የታመነ ዘዴ ነው፤ በድራሙ ላይ ያለው የቶነር ምስል ጥሩ ሆኖ በወረቀቱ ላይ ያለው የተበላሸ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከድራሙ በኋላ ባሉት ክፍሎች ነው።

የሳሳ ሽፋን ሙሉን አጥብቆ መያዝ አይችልም። በዛሬዎቹ ዲጂታል መኪናዎች ቶነሩ የሚለጠፈው ብርሃን ባረፈበት ቦታ ስለ ሆነ፣ ሙሉ የደከመ ድራም ነጩን ጀርባ ግራጫ ያደርገዋል። በጥንቶቹ አናሎግ መኪናዎች ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ድራሙ ሲደክም ጽሑፉ ይደበዝዛል። በአሮጌዎቹ ላይ የሠለጠነ ዐይን በአዲሶቹ ላይ የሚስተው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ድራሙ በእርግጥ አልቆ ከተገኘ፣ ከቆጣሪው ጋር ማመዛዘን ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በተደጋጋሚ ይዘነጋል፤ ድራሙን የሚያስረጀው የወረቀት ብዛት ሳይሆን የዙር ብዛት ነው። መኪናው አንዲት ገጽ ለማውጣት እንኳ ወረቀቱ ከመድረሱ በፊትና ከወጣ በኋላ ድራሙን ያዞረዋል። አንድ ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት በመቶ በመቶ ሲያባዛ፣ አንድ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ቀኑን ሙሉ መታወቂያ አንድ በአንድ ኮፒ ያደርጋል። የሁለቱ ቆጣሪ እኩል ቢያሳይም የቀበሌው ድራም እጅግ ብዙ ዙር ዞሯል። ባለጉዳይ ተሰልፎ ሳለ «ይጠራቀም» ማለት አይቻልምና፣ በዚህ ማንም ጥፋተኛ አይደለም። መስተካከል ያለበት በጀቱ ነው፤ አምራቹ የሰጠው የገጽ ቁጥር በአንድ ትእዛዝ ብዙ ገጽ ይወጣል በሚል ግምት የተሰላ ሊሆን ስለሚችል፣ ለእንዲህ ያለ ቢሮ ቀንሶ መያዝ ይገባል።

ከሰው እጅ ከሚመጡት ጥፋቶች ዋነኛው አዲስ ድራም ከአሮጌ ብሌድ ጋር መግጠም ነው። የብሌዱ ከንፈር አንድ ቦታ ላይ ከተሸረፈ ወይም የወረቀት ብናኝ ከተነከሰበት፣ በአዲሱ ሽፋን ላይ ያንኑ መስመር መቈፈር ይጀምራል። ብሌዱ አዲስ ቢሆንም በደረቁ ሲገጠም አደጋ አለ፤ የብሌዱ ማለስለሻ ራሱ ቶነሩ ነውና ገና ምንም ያልነካው ከንፈር በመጀመሪያው ዙር ሊታጠፍ ይችላል። ለዚህ የተዘጋጀውን ዱቄት፣ ለምሳሌ ዚንክ ስቴሬት፣ በስሱ ነስንሶ ድራሙን በእጅ ጥቂት ማዞር የደቂቃ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ቁጠባ መስሎ ይታያል። በመጣያው ዕቃ የተጠራቀመው ጥቁር ዱቄት «ቶነር አይደለምን?» ተብሎ ወደ መሙያው ይመለሳል። ያ ዱቄት ግን አስቀድሞ የነበረው ቶነር አይደለም። የወረቀት ብናኝና የወረቀት ማንጫ የሆነው ካልሲየም ካርቦኔት ተቀላቅሎበታል፤ ዴቨሎፐር ባላቸው መኪናዎች ደግሞ ከዴቨሎፐሩ የሾለኩ ደቃቅ የብረት ቅንጣቶች አሉበት። ይህ ሁሉ በብሌዱና በድራሙ መካከል ሲገባ የአሸዋ ወረቀት ሥራ ይሠራል። ከአንድ ቆርቆሮ ቶነር የተረፈው ገንዘብ በአንድ ድራም ዋጋ ይመለሳል። መጣያው ሞልቶ ሳይደፋ ሲቀርም እንዲሁ ቶነሩ ወደ ኋላ ተጨናንቆ ብሌዱን ይጫነዋል።

የአገራችን ደጋ የሚያመጣው ጣጣም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። አየሩ ሲሳሳ ኤሌክትሪክ በአነስተኛ ቮልቴጅ አየሩን ሰንጥቆ ያልፋል፤ በሙል ሰጪው ሮለርና በድራሙ መካከል የሚፈጠረውም ብልጭታ ከሚገባው ሲበዛ የሽፋኑን ፊት ያሻክረዋል፤ የሻከረውን ደግሞ ብሌዱ ቶሎ ይፍቀዋል። ብዙ መኪናዎች ለዚህ የከፍታ ማስተካከያ አላቸው፤ ነገር ግን መኪናው ሲተከል ማንም ሳይነካው ለባሕር ዳርቻ እንደ ተሰናዳ ይቀራል። የአገልግሎት መጽሐፉን ከፍቶ ይህን ማስተካከያ መፈተሽ ምንም ወጪ የለውም።

የአያያዝ ጉዳይ በአጭሩ ቢነገር ይበቃል። ኦርጋኒክ ድራም ለመስኮት ብርሃን መጋለጥ የለበትም፤ ከመኪናው ሲወጣ ወዲያው በጥቁር ወረቀት ይጠቀለላል። ፊቱ በጣት አይነካም፤ በአልኮል አይወለወልም። የተጣበቀ ወረቀት ሲወጣም በጥፍርና በጉልበት አይጎተትም፤ ድራሙን የያዘው ክፍል መጀመሪያ ይከፈታል። ያገለገለ ወረቀት በጀርባው ሲሠራበት ስቴፕል እንዳይቀርበት መታየት አለበት፤ አንዲት የስቴፕል ሽቦ ድራሙን ዙሪያውን ለመሰንጠቅ ትበቃለች።

ይህን ሁሉ ለመከታተል የሚያስፈልገው በመኪናው በር ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ነው። ድራሙ የተገጠመበት ቀን፣ የዚያን ዕለት የቆጣሪው ቁጥር፣ ብሌዱ አብሮ መለወጡ ወይም አለመለወጡ፣ የተሞላው ቶነር ዓይነት፣ የከፍታው ማስተካከያ የቆመበት ቁጥር ይጻፍበታል። የወጣው ድራምም ወዲያው አይጣልም፤ ቀጣዩ ቴክኒሻን ጭረቱን ከአዲሱ ብሌድ ጋር አስተያይቶ እስኪያይ ድረስ፣ ቁጥሩ ተጽፎበት በካርቶኑ ውስጥ ይቀመጣል።