የመጀመሪያው ጠረጴዛ፤ ስለ ሥነ ልቦና ሕክምና ተቀባይ ክፍል አሠራር



አንድ ሰው የሥነ ልቦና ምክርና ሕክምና ፈልጎ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚያገኘው ሐኪሙን ወይም አማካሪውን አይደለም። የሚያገኘው ስልክ የሚያነሣውን፣ ስም የሚመዘግበውን፣ ካርድ የሚያወጣውንና ቀጠሮ የሚሰጠውን ሠራተኛ ነው። ይህ ሠራተኛ በድርጅቱ መዋቅር ከታችኛው ሣጥን ውስጥ ይገኛል፤ ደመወዙም እንደዚያው ነው። ይሁን እንጂ አገልግሎቱ እንደ አንድ ሥርዓት ሲታይ የሚገባውንና የሚወጣውን በየዕለቱ አብሮ የሚያየው እርሱ ስለ ሆነ፣ መሐንዲሶች ስለ ሥራው ቢነጋገሩ ከሙያቸው ወጡ አያሰኝም።

የወረፋ ስሌት የተወለደውም ከስልክ ነው። ዴንማርካዊው ኤርላንግ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ በጉዳዩ ላይ የመጀመሪያ ጽሑፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1909 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ አሜሪካዊው ጆን ሊትል፣ በአንድ ሥርዓት ውስጥ በአማካይ የሚገኙት ሰዎች ቁጥር፣ በየጊዜው የሚገቡት ቁጥር እያንዳንዱ በሚቆይበት አማካይ ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው መሆኑን በሒሳብ አረጋገጠ። በሳምንት 25 አዳዲስ ባለጉዳዮች ቢመዘገቡና እያንዳንዱ 6 ሳምንት ቢጠብቅ፣ በመዝገቡ ላይ ዘወትር 150 ሰው ይኖራል ማለት ነው። አሁን 10 አማካሪዎች እያንዳንዳቸው በሳምንት 20 ሰው ያነጋግራሉ፣ የአንዱም ሰው ሕክምና 10 ሳምንታዊ ቀጠሮ ይፈጃል እንበል። በሳምንት አዲስ ሊጀምሩ የሚችሉት 20 ብቻ ይሆናሉ። የተረፉት 5 በየሳምንቱ ይጠራቀማሉ፤ ወረፋውም ይረዝማል። ይህን ጉድለት የመዝገብ ሠራተኛው በትሕትናም ሆነ በቅልጥፍና ሊደፍነው አይችልም፤ የሚሰደበው ግን እርሱ ነው።

በእጁ ያለው ሌላ ነገር ነው። ባለጉዳዩ የቀረበት ሰዓት በሮቶ እንደ ተጠራቀመ ውሃ ለነገ አይቆይም። በዋዜማው ስልክ መደወል፣ በአጭር ጊዜ ማስታወቂያ ለመምጣት የተስማሙትን ሰዎች ስም ለብቻ መያዝ፣ ባዶውን ሰዓት በእነርሱ መሙላት፤ ተራ ሥራ ይመስላል፣ ነገር ግን አዲስ አማካሪ ሳይቀጠር ሰዓት የሚገኘው ከዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው መጠይቁ ነው። በብዙ አገር ተቀባይ ክፍሎች ለድብርት የሚታደለው ቅጽ፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ፒ ኤች ኪው ዘጠኝ የሚባለው፣ 9 ጥያቄዎች አሉት። መልስ ሰጪው ያለፉትን ሁለት ሳምንታት እያሰበ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ቢበዛ 27 ነው። ዘጠነኛው ጥያቄ ሞትን ስለ መመኘትና ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ይጠይቃል። ስምንቱን ጥያቄዎች 0 ብሎ ለዘጠነኛው 3 የመለሰ ሰው ድምሩ 3 ነው፤ በሠንጠረዡ መሠረትም ከዝቅተኛው ደረጃ ይመደባል። ድምሩን ብቻ ወደ መዝገብ ገልብጦ ቅጹን ወደ ፋይል የሚልክ አሠራር ይህን ሰው ወደ ቤቱ ሸኝቶታል። ስለዚህ ቅጹን የሚቀበለው ሠራተኛ ዘጠነኛውን መስመር ባለጉዳዩ ከወንበሩ ሳይነሣ ማየት አለበት። ከ0 የተለየ መልስ ሲያገኝ የትኛውን ባለሙያ በር ወዲያው እንደሚያንኳኳ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። መመርመር የእርሱ ሥራ አይደለም፤ ማሳለፍ ግን የእርሱ ነው።

የሚለካው ነገር ምን እንደሚሠውር የእንግሊዝ አገር ልምድ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው መንግሥታዊ የንግግር ሕክምና አገልግሎት፣ ከመቶ 75ቱ በ6 ሳምንት፣ 95ቱ በ18 ሳምንት ውስጥ ሕክምና እንዲጀምሩ የሚል መለኪያ አለው። መለኪያው መልካም ነው። ነገር ግን ሰዓቱ የሚቆመው በመጀመሪያው የሕክምና ቀጠሮ ላይ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ቀጠሮ ያለው ጊዜ በዚህ ስሌት አይገባም። በዚያ መካከል ከ90 ቀን በላይ የሚጠብቁ ሰዎች እንዳሉ የአገልግሎቱ የራሱ አኃዝ ይናገራል። ወረፋው ከበሩ ውጭ ወደ በሩ ውስጥ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ መጠይቁ በአማርኛ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት አዲስ አበባ ላይ ተፈትኗል። ሆኖም ሰው ወደ ጠረጴዛው ሲቀርብ «ድብርት አለብኝ» አይልም። «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ይጨንቀኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል። መዝጋቢው ቃሉን እንደ ተነገረው መጻፍ እንጂ በራሱ ግምት ወደ በሽታ ስም መለወጥ የለበትም። ስም በኮሪደር ጮኾ መጥራትም በሌላ ክፍል የተለመደ ቢሆን እዚህ ጉዳት አለው። የአማኑኤል ሆስፒታል ስም በጨዋታ መካከል ሰውን ማሳነሻ ሆኖ በሚነገርበት ከተማ፣ ጎረቤት እንዳይሰማው የፈራ ሰው ተራው ሳይደርስ ተነሥቶ ይሄዳል። ቁጥር ሰጥቶ በቁጥር መጥራት ወጪው የካርቶን ቁራጭ ነው።

እንግዲህ በመዝገቡ ላይ አራት ዓምዶች ቢጨመሩ፤ የተመዘገበበት ቀን፣ የመጀመሪያው ቀጠሮ፣ ሁለተኛው ቀጠሮ፣ ካቋረጠም ያቋረጠበት ምክንያት። አራተኛውን ለመሙላት መደወል ያስፈልጋል። ስልኩን ሚስት ወይም አባት ሊያነሡት ስለሚችሉ፣ ደዋዩ ባለጉዳዩን በስሙ ይጠይቃል፤ ከሌለም የራሱን ስም ብቻ ነግሮ፣ ከየት እንደ ደወለ ሳይናገር፣ በሌላ ሰዓት እንደሚደውል አስታውቆ ይዘጋል።