የመኪና የኋላ ሾክ አብዞርበር በቤት ስለ መቀየር
(በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)



ከመዋጮና ከጥበቃ ጉዳይ ቀጥሎ የደረሰኝ ርእስ ስለ መኪና ነው። መኪና የሌላችሁም አትሰልቹ፤ መኪናው የሚጠገነው ልጆቻችሁ በሚጫወቱበት መንገድ ላይ ስለሆነ ነገሩ ሁላችንንም ይመለከታል።

እሑድ እሑድ ላዳውን አንሥቶ ከሥሯ የሚተኛ ሰው በሰፈራችን በዝቷል። የጋራዥ የእጅ ዋጋ እንደሚከብድ እናውቃለን። በገዛ እጅ መሥራት የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን አንዳንዱ መኪናውን በክሪክ ብቻ አቁሞ፣ አንዳንዱም ብሎኬት ደርድሮ ነው ከሥር የሚገባው። ለመናገር የተነሣሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ሾክ አብዞርበር ሥራው ምንድን ነው? የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። ሞላ ግን አንድ ጊዜ ከተነካ መዝለሉን ቶሎ አይተውም። ያንን ዝላይ የሚያበርደው ሾክ አብዞርበር ነው። በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ተገፍቶ ሲያልፍ የዝላዩ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይኸ ዕቃ ከሞተ ጎማው መሬቱን በደንብ አይጨብጥም፤ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ርቆ ይቆማል፤ ኮረኮንች ላይ ኋላው ይዋልላል። ስለዚህ ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም፤ መንገድ የሚያቋርጥ ሕፃን ሕይወት ነው።

መሞቱን ለማወቅ የመኪናውን ኋላ በእጅ ተጭኖ መልቀቅ ነው። ተነሥቶ ቶሎ ከረጋ ደህና ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከዘለለ አልቋል። ዘይት ካንጠባጠበ፣ ጎማውም እዚህም እዚያም ጎድጎድ ብሎ ከተበላ ያው ምልክት ነው። አንዱ ብቻ ቢበላሽም የኋላዎቹን ሁለቱንም አብሮ መቀየር ይገባል፤ አለዚያ አንዱ ጎን ጠንካራ፣ ሌላው ልል ይሆናል።

በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለብዙ ዓመት በታክሲነት ያገለገለችው ላዳ ለዚህ ሥራ ትመቻለች። የኋላ ሞላዋና ሾክ አብዞርበሯ ለየብቻ ናቸው። ሾክ አብዞርበሩ ከላይ ከቦዲው ጋር በአንድ ዳዶ፣ ከታች ከኋላ አክስሉ ጋር በአንድ ብሎንና ዳዶ ነው የተያዘው። የሚፈታውም በ19 ቁልፍ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1ኛ/ መኪናዋን ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ አቁሙ። የላዳ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው፤ ማርሽ ማስገባትም የሚይዘው እነሱኑ ነው። ኋላዋ ከተነሣ ሁለቱም ዋጋ የላቸውም። ስለሆነም በፊት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ አድርጉ።

2ኛ/ በክሪክ አንሡና ከኋላ አክስሉ ሥር በግራና በቀኝ ካቫሌቶ፣ ማለትም የብረት ማቆሚያ፣ አስገብታችሁ አውርዱባት። ክሪክ ለማንሻ ነው እንጂ ለማቆሚያ አይደለም። ብሎኬት ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። ከመግባታችሁ በፊት መኪናዋን ወዝወዝ አድርጋችሁ ሞክሩ።

3ኛ/ ዳዶው ከዛገ በሽቦ ብሩሽ ጠርጉትና ዘይት ቀብታችሁ አሳድሩት። ከሥር ተኝቶ በኃይል መታገል መኪናዋን ከማቆሚያዋ ሊያወርድ ይችላል።

4ኛ/ አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው እለፉ። የጎሚኒውንና የሮንዴላውን አቀማመጥ አስተውሉ፤ እንደነበረው ነው የሚመለሰው።

5ኛ/ አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙትና ጥቂት ጊዜ ወደ ታች ግፉት፣ ሳቡትም፤ በውስጡ ያለው አየር ይወጣል። ዳዶውን አጥብቃችሁ የምታስሩት የመኪናዋ ክብደት በአክስሉ ላይ እንዳለ ነው፤ አክስሉ ተንጠልጥሎ ከታሰረ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ቶሎ ይቀደዳል።

አሮጌውን እሳት ውስጥ አትጣሉ፣ በመጋዝም አትቁረጡ፤ አንዳንዱ የታመቀ ጋዝ አለበት። ዘይቱንም ቦይ ውስጥ አታፍስሱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ላዳ ላይ የሠራ ሰው በሌላ መኪና እንዳይደፍር። ብዙ መኪናዎች፣ በተለይ ከፊት በኩል፣ ሞላቸው በሾክ አብዞርበሩ ላይ ተጨምቆ የተቀመጠ ነው። ያለ መጭመቂያ መሣሪያ የላይኛውን ዳዶ የፈታ ሰው ሞላው ፊቱ ላይ ይፈናጠርበታል። እንዲህ ያለው የጋራዥ ሥራ ነው።

እንግዲህ የማኅበሩ ኮሚቴ የሚያቀርበው ሐሳብ ይኸ ነው። ከማኅበሩ ገንዘብ ጠንካራ ካቫሌቶዎችና የእንጨት ታኮ ተገዝተው ከእድሩ ዕቃ ጋር ይቀመጡ፤ የፈለገ አባል ፈርሞ ይውሰድ፣ ሲጨርስ ይመልስ። የሚወስድ ሰው ግን ብቻውን እንዳይሠራ፤ አጠገቡ የሚቆም፣ ልጆችን የሚያርቅ አንድ ሰው ይኑረው። ያ ሰው ጎረቤት ቢሆን ምን ይከፋል?

ወጪው ብዙ ነው የሚል ካለ ይናገር፣ እንወያይበታለን። እኔ በበኩሌ የምለው አንድ ነው። እድራችን ድንኳን አለው፤ ለአባላችን ድንኳን ከምንተክል ካቫሌቶ ብናውሰው ይሻላል።