የ1996ቱ ዋንጫና የሰፈራችን ሜዳ

(በነዋሪዎች ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በነባር የኳስ ደጋፊዎች ስም የተነበበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ ሙሉ ቃሉ በዚህ ሰሌዳ ላይ ወጥቷል።)





ስለ ውሃ መስመርና ስለ ቆሻሻ ማንሻ መዋጮ ከተነጋገርን በኋላ ለኳስ ጉዳይ ጥቂት ደቂቃ ስለሰጣችሁን ከልብ እናመሰግናለን። «ደግሞ ኳስ ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው በስብሰባ የሚነሣው?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እባካችሁ ታገሡን። ንግግራችን ከአንድ ዋንጫ ቢነሣም መድረሻው እዚሁ ደጃችን ላይ ነው።

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ስድስት ውድድሮች ዋንጫው ከሁለት ቤት አልወጣም ነበር፤ መብራት ኃይል ሁለት ጊዜ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ አራት ጊዜ ወሰዱት። ሁለቱም የአዲስ አበባ ቡድኖች ናቸው። እኛ የክፍለ ሀገር ሰዎች በዚያን ጊዜ ለሊጉ ድምቀት የተጠራን የሠርግ አጃቢዎች እንመስል ነበር። እናጨበጭባለን፣ እንዘፍናለን፤ ሙሽራው ግን ሁልጊዜ የሌላ ሰው ልጅ ነው።

በ1996 ዓ.ም. ይህ ነገር ተለወጠ። ሐዋሳ ከነማ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ሊጉ ከተመሠረተ ጀምሮ ዋንጫው ከአዲስ አበባ ውጪ ሲያድር ያ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና የአሥመራ ቡድኖችም የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካም ባለ ድል ሆነዋል፤ የእነርሱን ክብር አንቀማም። ነገር ግን በአዲሱ ሊግ በሩን ሰብሮ የገባው የእኛው ቡድን ነው። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዋንጫ ተጨመረ፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የሊጉ ዋንጫ ለሁለተኛ ጊዜ መጣ። ከእኛ ቀጥሎ ከአዲስ አበባ ውጪ ያለ ቡድን ዋንጫውን ያነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ጅማ አባ ጅፋር። ከዚያ መቀሌ 70 እንደርታ በ2011፣ ፋሲል ከነማ በ2013 ተከተሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ከ1996 እስከ 2010 ድረስ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ «ከአዲስ አበባ ውጪ ማን በልቷል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ስም ብቻ ነበር።

ያን ዘመን ላላያችሁ ልጆች ሁኔታውን ትንሽ እናስረዳችሁ። ዛሬ ሁላችሁም ውጤቱን ከኪሳችሁ አውጥታችሁ ታያላችሁ። ያኔ በሰፈራችን የኪስ ስልክ የያዘ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ቡድናችን ከሜዳው ውጪ ሲጫወት ዜናውን የምንጠብቀው ከሬዲዮ ነው። የባትሪ ድንጋዩ የደከመ እንደሆነ ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ አሽተን፣ አንዳንዴም ነክሰን እንደገና እናስገባዋለን። አንድ ሬዲዮ ዙሪያ ሃያ ሰው ይኮለኮላል። ድምፁ ሲቆራረጥ «ማን አገባ? ማን አገባ?» እየተባባልን ጎረቤት አላስቀምጥ እንል ነበር። ውጤቱን መጀመሪያ የሰማ ልጅ በብስክሌት ከሰፈር ሰፈር እየበረረ ያደርሳል፤ እኛ ጋ እስኪደርስ አንዱ ጎል ሁለት የሚሆንበት ጊዜም አልጠፋም።

አቅም የነበረን ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ እንሄዳለን። 275 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በሌሊት ተነሥተን፣ በሻሸመኔ፣ በዝዋይ፣ በሞጆ አድርገን፣ ቆሎና ዳቦ በፌስታል ይዘን፣ ስታዲየም ስንደርስ ጉልበታችን አልቆ ድምፃችን ገና ትኩስ ነው። ካታንጋ ገብተን ስንቀመጥ በሺህ በሚቆጠር የአዲስ አበባ ደጋፊ መካከል እንደ ጤፍ ውስጥ አሸዋ ነበርን። ግን አሸዋም ቢሆን ጥርስ ላይ ይሰማል!

አንዱ ጓደኛችን (ስሙን አንጠራም፣ እዚሁ ተቀምጧል) ለባለቤቱ «ዘመድ ሞቶብኝ ለቅሶ ልደርስ ነው» ብሎ ሄደ። ማታ ሲመለስ ድምፁ ጭራሽ ተዘግቷል፤ ፊቱ ግን ይስቃል። እሷም ዝም ብላ ቡናውን ቀድታ ሰጠችውና «ለመሆኑ ሟቹ ስንት ለስንት ነው የሞተው?» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈራችን ከሜዳ ውጪ ጨዋታ ሲኖር «ለቅሶ አለብን» መባል ቀረ።

ዋንጫው እርግጥ የሆነ ዕለት የነበረውን ደስታ በቃል መንገር ያስቸግራል። እርስ በርስ ተኳርፈው የነበሩ ጎረቤቶች ተቃቅፈው አልቅሰዋል። በአጥር ድንበር የተካሰሱ ሁለት አባወራዎች በአንድ ጋሪ ላይ ቆመው ሲዘፍኑ አይተናል። ከእነዚህ አንደኛው ዛሬ በሕይወት የለም፤ ነፍሱን ይማር። ክሱም በዚያው ቀረ።

ውድ ነዋሪዎች፣

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። «ከነማ» ማለት ምን ማለት ነው? ብዙ ልጆች ጠይቀናል፤ ገሚሱ የሰው ስም ይመስለዋል። «ከነማ» የ«ከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ምኅጻር ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በየቀበሌው ተቋቋሙ። የዚያ ዘመን ቀበሌ በብዙ ቤት ያስቀረውን ሐዘን አንረሳም፣ ልናስጌጠውም አንፈልግም። ይሁን እንጂ ስሙ በኳስ ሜዳ ላይ ሌላ ትርጉም አገኘ። ሌሎች ብዙ ቡድኖች በቅዱስ፣ በመሥሪያ ቤት፣ በምርት ስም ሲጠሩ የእኛው የተጠራው በነዋሪው ነው። በኋላ ዘመን የክለቡ ስም «ሐዋሳ ከተማ» ተባለ፤ «ሐይቆቹ» የሚለው ቅጽል ስምም አለ። እኛ አሮጌዎቹ ግን አሁንም ስንጮህ አፋችን የሚለምደው «ከነማ!» ነው። እንግዲህ እኛም እዚህ የተሰበሰብነው የነዋሪዎች ማኅበር ነን። ስለዚህ ያ ዋንጫ የሩቅ ዘመድ አይደለም፤ የስም ወንድማችን ነው።

ታዲያ ያንን ዋንጫ ያመጣው ምንድን ነው? ገንዘብ ነው እንዳንል ከእኛ የበለጠ ገንዘብ የነበራቸው ነበሩ። ትልቅ ስታዲየም ነው እንዳንል ዓለም አቀፉ ስታዲየም የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እኛ እንደምናምነው ሐዋሳን ለኳስ ያበቃት ሜዳዋ ነው። ከተማችን ለጥ ያለች ናት፤ በታቦር ተራራና በሐይቁ መካከል ያለው መሬት ለኳስ የተነጠፈ ይመስል ነበር። በየሰፈሩ ክፍት ቦታ ነበረ። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ጥሎ፣ ሁለት ድንጋይ ጎል አድርጎ፣ በጨርቅ ኳስ እስኪጨልም ይጫወታል። ጫማ ያለው ግራውን ለጓደኛው ያውሳል፤ ሁለቱም በአንድ አንድ እግር ጫማ ይጫወታሉ።

ከእንደዚህ ዓይነት ሜዳ ምን እንደሚወጣ አንድ ምሳሌ እንስጥ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች። ልክ በ51 ዓመቱ፣ ያውም በዚያው ቀን፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ በደቡብ አፍሪካ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር ተጋጠመ። ሪጎሬ ሳትን፤ በረኛችን በቀይ ካርድ ወጣ፤ ጎል ገባብን። በአሥር ሰው እየተጫወትን አቻ ያደረገችንን ጎል ያገባው አዳነ ግርማ ነው። የሐዋሳ ልጅ፣ ወደ ጊዮርጊስ ከመሄዱ በፊት የእኛኑ ማልያ የለበሰ። በዚያ ውድድር ኢትዮጵያ ያገባችው ጎል ያ ብቻ ነው። በዚያው ቡድን ውስጥ የነበረው ሽመልስ በቀለም የሐዋሳ ልጅ ነው፤ በኋላ በግብፅ ሊግ ለዓመታት ተጫውቷል። ሎዛ አበራም ከዱራሜ መጥታ ትልልቅ ክለቦች ከመግባቷ በፊት ለሐዋሳ ሴቶች ቡድን ተሰልፋለች። ሴት ልጆቻችሁን «ኳስ የወንድ ነው» የምትሉ ይህቺን ስሙ።

እንግዲህ ወደ ደጃችን ደረስን።

የሰፈራችንን ሜዳ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1996 ዓ.ም. ዋንጫውን ያከበርነው እዚያ ነው፤ ድንኳን የተተከለው፣ ከበሮው የተመታው እዚያ ነው። ዛሬ ሄዳችሁ እዩት። በአንድ ጎኑ የአሸዋና የጠጠር ክምር፤ በሌላው ጎኑ የተበላሸ መኪና፤ በጎሉ በኩል ቀስ በቀስ ወደ ፊት የተራመደ የቆርቆሮ አጥር፤ መካከሉ ላይ ደግሞ የባጃጅ ማቆሚያ። ማን ወሰደው? «መንግሥት»፣ «ባለ ሀብት» ለማለት አፋችን ፈጣን ነው። እውነቱን ከተነጋገርን ግን የወሰድነው እኛው ነን፤ በአካፋ በአካፋ፣ በስንዝር በስንዝር። አሸዋውን ከደፉት አንዱ ይህን ንግግር ካዘጋጀነው መካከል ነው። «ለሁለት ሳምንት ብቻ» ብሎ ነበር የደፋው። ሦስት ዓመት ሆነው፤ ሣር በቅሎበታል።

ልጆቹ ግን መጫወት አላቆሙም፤ ወደ መንገድ ወጡ እንጂ። ባለፈው ክረምት አንዱ ልጃችን ኳስ ተከትሎ ሲሮጥ ባጃጅ ገጭቶት እግሩ ተሰበረ። ባለ ባጃጁም የዚሁ ሰፈር ልጅ ነው፤ እሱም አለቀሰ። ማንን እንክሰስ? ሜዳውን የዘጋነውን ብንከስ ተከሳሹ ይህን አዳራሽ ይሞላል።

እኛ ደጋፊዎች ጥፋታችንን አንክድም። ከ1999 በኋላ በየዓመቱ ተሰብስበን ያንን ድል ስናወራ ኖርን። ወሬው እየጣፈጠ ሄደ፤ ሜዳው እየጠበበ ሄደ። እስከ 2017 ዓ.ም. ውድድር ፍጻሜ ድረስ ሦስተኛ የሊግ ዋንጫ አላየንም። ክለቡን፣ አሠልጣኙን፣ ዳኛውን ስንወቅስ አንድም ቀን «ለመሆኑ ልጆቹ የት ነው የሚለማመዱት?» አላልንም። የአባቱን ጀግንነት እየተረከ እርሻውን ጦም ያሳደረ ሰው ሆንን ማለት ነው።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ሜዳው ይጽዳ። አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ብረት ያስቀመጠ ሁሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያንሣ፤ አቅም የሌለው ካለ እንተባበረዋለን። ባለ ባጃጅ ልጆቻችን እንጀራቸው ስለሆነ አይባረሩም፤ በመንገዱ ዳር ቦታ ይለይላቸው። ኮሚቴውም ቦታውን ለክቶ የልጆች መጫወቻ ሆኖ በቀበሌው እንዲመዘገብልን ይጠይቅ። በወረቀት ያልተያዘ ሜዳ ነገ የማን እንደሚሆን አይታወቅም።

ሁለተኛ፣ ሜዳው ሲጸዳ በሳምንት ሁለት ቀን ለሴት ልጆች ይሁን። በእነዚያ ቀናት ወንዶቹ ኳስ አቀባይ ይሁኑ፤ ምንም አይጎድላቸውም።

ሦስተኛ፣ የ1996ን ፎቶግራፍ፣ የስታዲየም ቲኬት፣ የጋዜጣ ቁራጭ፣ ያረጀ ማልያ በሣጥኑ ያስቀመጠ ሁሉ ለማኅበሩ ያሳይ። ቅጂው በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ዋናው ለባለቤቱ ይመለሳል። ዛሬ የዚያን ቡድን ተጫዋቾች ስም እዚህ ቆመን ያልዘረዘርነው አንዱን ዘለን እንዳንበድል ነው። ሁሉም የሚያስታውሰውን ያምጣና ሙሉ ሆኖ ይጻፍ። ከደጋፊዎቹ ብዙዎች አልፈዋል፤ ያላለፍነውም የምናስታውሰው በየዓመቱ እየቀነሰ ነው።

በመጨረሻም፣ ይህን ስንል ልጆቻችን ሁሉ አዳነ ግርማ ይሆናሉ እያልን አይደለም። ከመቶ አንዱ ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። የቀሩት ዘጠና ዘጠኙ ግን እግራቸው ሳይሰበር ማደግ አለባቸው፤ ሲያድጉም እንደ እኛ በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ መሳቅን የሚያውቁ ጎረቤቶች እንዲሆኑ እንፈልጋለን።

ሥራው የሚጀመረው በመጪው ቅዳሜ ጠዋት በ1 ሰዓት ነው። አካፋ ያለው አካፋ፣ የእጅ ጋሪ ያለው የእጅ ጋሪ ይዞ ይምጣ፤ እናቶች ቡና ካፈላችሁልን ደግሞ ቶሎ እንጨርሳለን። መጀመሪያ የሚነሣው ያ ሣር የበቀለበት አሸዋ ነው። ባለቤቱ አካፋውን ስሎ እየጠበቃችሁ ነው።