ረድኤት አበበ እና የድንገተኛ እርዳታ መዝገባችን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ክፍል ተራ ሲደርስ ብዙዎቻችሁ ቁጥር ሊነበብ ነው ብላችሁ እንደምትሰለቹ እናውቃለን። የዓመቱ የገቢና የወጪ ዝርዝር ተባዝቶ በእጃችሁ ስላለ ዛሬ አናነበውም። የተሰጠንን ጊዜ ስለ አንዲት የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪና መምህርት ለመናገር እንጠቀምበታለን። እንጀራ ለምትሸጥ፣ በግ ለምታደልብ የሐይቅ ሴት የኮምፒውተር ሳይንስ ምን ይፈይዳል የምትል ትኖራለች። እኛም ብለን ነበር። ወደዚህች ሴት ሥራ ያደረሰን የራሳችን ስህተት ነውና ከዚያው እንጀምር።

የድንገተኛ እርዳታ መመሪያችንን ታውቁታላችሁ። የአመልካቿ ወርሃዊ ገቢ 3,000 ብርና ከዚያ በታች ከሆነ ትረዳለች፤ ከዚያ በላይ ከሆነ አትረዳም። መስመሩን ያሰመርነው እኛው ነን፤ እዚሁ ጉባኤ ላይ እጅ አውጥተን አጽድቀነዋል። ካቻምና አንዲት እኅታችን ልጇ ታሞ ደሴ ለማሳከም 4,000 ብር ጠየቀችን። ልብስ እየሰፋች በወር 3,400 ብር ታገኝ ነበር። ከመስመሩ 400 ብር አለፈች። ማመልከቻዋ ላይ «ገቢዋ ከተፈቀደው በላይ ነው» ብለን ጽፈን፣ ማኅተም አድርገን መለስንላት። በዚያ ቀን በድንገተኛው ሂሳብ 11,000 ብር ነበረን።

የስፌት መኪናዋን ሸጠች። ልጇ ዳነ፣ ተመስገን ነው። መኪናው ሲሸጥ ግን 3,400 ብሩም አብሮ ሄደ። ሦስት ወር ቁጠባዋን ሳትከፍል ቆየች፤ ከዚያ ከማኅበሩ ቀረች። በዓመቱ መጨረሻ ኦዲተር መጥቶ መዝገባችንን አገላብጦ እንከን የለበትም ብሎ ፈረመ። እውነቱን ነው። ወጪው ሁሉ ደረሰኝ አለው፤ እምቢ ያልነውም በመመሪያው መሠረት ነው። ለጋሾቻችንም ያንኑ ሪፖርት ነው የላክንላችሁ።

ይህ ነገር እንቅልፍ እየነሳን ሳለ ስለ ረድኤት አበበ አነበብን። ስሟ ራሱ እርዳታ ማለት መሆኑን ልብ በሉልን። በማዕረግ ዶክተር ናት፤ ዕድሜዋ ግን ከብዙዎቻችን ጋር እኩያ ስለሆነ «እሷ» ብንል ድፍረት አይሁንብን።

ረድኤት ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። ናዝሬት ስኩል ተምራለች፤ ከዚያ በውድድር ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ ሁለተኛ ደረጃን በኢንተርናሽናል ኮሚዩኒቲ ስኩል ጨረሰች። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሐሳቧ የሒሳብ ተመራማሪ መሆን ነበር። ሒሳብ ስንል የእኛን ዓይነት የደረሰኝ ሥራ ማለታችን አይደለም፤ የንድፈ ሐሳቡን ነው።

ሃርቫርድ ያለበት ከተማ ካምብሪጅ ይባላል። አዲስ አበባ ሳለች ሰዎች የሚያስፈልጋቸውን ሲያጡ ስታይ፣ ምክንያቱ ሀብት ስለሌለ ነው ብላ ታስብ እንደነበር ተናግራለች። ካምብሪጅ ሀብታም ከተማ ነው። ግን የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹ ተማሪዎች እኩል ዕድል እንደማያገኙ አየች። ገንዘብ እያለ፣ ሰው እያለ፣ ልጆች ወደኋላ ሲቀሩ ምን ይባላል? በከተማው የትምህርት ቦርድ ስብሰባዎች ላይ እየተገኘች ማዳመጥ ጀመረች። ጉዳዩ እየሳባት ሄደ፤ ከምትወደው ሒሳብ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ግን ገና አልታያትም ነበር።

እዚህ ላይ እኛ ቆም ብለናል። 11,000 ብር በሂሳባችን እያለ ነው ያቺን እኅት የመለስናት። የእኛም ነገር የሀብት ማነስ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ እንለፈው። በሒሳብ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ይዛ እንግሊዝ አገር ሄደች፤ እዚያም ካምብሪጅ የሚባል ሌላ ከተማ አለና አትደናገሩ፣ በዩኒቨርሲቲው በሒሳብ ማስተርስ ሠራች። ወደ ሃርቫርድ ተመልሳ ሁለተኛ ማስተርሷን ወሰደች። ዶክትሬቷን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2019 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት የያዘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት። ካሊፎርኒያ የሚገኘው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲም በኤሌክትሪካል ምህንድስናና ኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሉ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት መምህርት አድርጎ ቀጥሯታል።

ሥራዋ አልጎሪዝም ላይ ነው። አልጎሪዝም ማለት ደረጃ በደረጃ የተጻፈ የአሠራር ሥርዓት ነው፤ ይህ ከሆነ ይህን አድርግ፣ ያ ከሆነ ያን አድርግ የሚል። ኮምፒውተር የሚሠራው በዚህ ነው። «ከ3,000 ብር በታች ከሆነ ስጥ፣ ከበለጠ መልስ» የሚለው መመሪያችንም አልጎሪዝም ነው። ኮምፒውተር ሳይኖረን አልጎሪዝም ነበረን፤ ያውም መጥፎ።

እ.ኤ.አ. በ2020 ከጆን ክላይንበርግና ከማቲው ዋይንበርግ ጋር ሆና ባቀረበችው አንድ ጥናት የያዘችው ጥያቄ የእኛው ነው። ውስን ገንዘብ አለ፤ ድንገተኛ ችግር የሚመታቸው ብዙ ቤተሰቦች አሉ፤ ለማን፣ ምን ያህል፣ በምን መልክ ይሰጥ? ቀመሮቹን ሁሉ ተረዳናቸው ብንል ውሸት ነው፤ ዲፕሎማችን የሂሳብ አያያዝ ነው። ሐሳቡ ግን ገብቶናል፤ ዘዴውም ከሩቅ የመጣ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1903፣ ፊሊፕ ሉንድበርግ የሚባል የስዊድን የሒሳብ ሰው አንድ የመድን ድርጅት እንዳይከስር ምን ያህል ጥሪት ያስፈልገዋል ብሎ ያሰላ ነበር። እነረድኤት ያንን ስሌት ከመድን ድርጅት አውጥተው ወደ ቤተሰብ አመጡት። ድርጅት ሊከስር እንደሚችል ሁሉ ጓዳም ይከስራል።

በዚህ ስሌት የወር ገቢ ብቻውን ብዙ አይናገርም። በእጅ ያለው ጥሪት ይታያል፤ የሚመታው ችግር መጠንና በስንት ጊዜ አንዴ እንደሚመጣ ይታያል። በእኛው ብር እንየው፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው።

አንዲት አባል በወር 2,800 ብር ታገኛለች፤ ወጪዋ 2,500 ብር ነው። በዓመት 3,600 ብር ይተርፋታል፤ ሁለት በግና ጥቂት ቁጠባ ተደማምሮ 9,000 ብር ጥሪት አላት። ሌላዋ 3,400 ብር ታገኛለች፤ ወጪዋ 3,200 ብር ነው። በዓመት 2,400 ብር ይተርፋታል፤ ጥሪቷ 800 ብር ነው። ሁለቱም ቤት የ4,000 ብር ሕመም ገባ እንበል። የመጀመሪያዋ በጎቿን ሸጣ ትከፍላለች፤ ያማታል፣ ግን 5,000 ብር ይቀራታል። ሁለተኛዋ 3,200 ብር ይጎድላታል። ይህ ሕመም በዓመት ሁለቴ የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ የዓመት ትርፏ ሦስት እጥፍ ሆኖም አይበቃትም። በመመሪያችን የምትረዳው ግን የመጀመሪያዋ ናት።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅ በደረሰ ጊዜ ስንቶቻችን ከመስመሩ በላይ አድረን ከመስመሩ በታች እንደነቃን የምትረሳ የለችም። ያኔ ገቢ የሚለው ዓምድ ስለማናችንም ምንም አልነገረንም። እኛ የምንጨምረው አለ፤ ለመታከሚያ የተሸጠው ዕቃ የሥራ ዕቃ ከሆነ፣ የወሩ ገቢ ራሱ አብሮ ይሸጣል።

ጥናቱ ሁለት የእርዳታ መልክ ይለያል። አንዱ ጥሪትን የሚሞላ፣ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ነው፤ ሌላው በየጊዜው ገቢን የሚደጉም ነው። ደግሞ ሁለት ዓላማ ይለያል። በድምሩ ጥቂት ቤተሰብ ብቻ እንዲወድቅ መፈለግ አንድ ነው፤ ለመውደቅ እጅግ የቀረበችውን አስቀድሞ መያዝ ሌላ ነው። ሁለቱ ዓላማዎች የተለያየ የተረጂ ዝርዝር ሊያወጡ ይችላሉ። የትኛው ይሻላል የሚለውን ኮምፒውተር አይመርጥልንም፤ እጅ አውጥተን የምንመርጠው እኛ ነን።

ረድኤት ራሷም ይህን አትደብቅም። በዚያው ዓመት ከሌሎች ባልደረቦቿ ጋር በጻፈችው ጽሑፍ፣ ስሌት ለማኅበራዊ ለውጥ ከሚሰጣቸው ጥቅሞች አንዱ እንደ ሐኪም ምርመራ ማገልገል ነው ይላሉ፤ በሽታውን ያሳያል እንጂ በራሱ አያድንም። ሌላው ጥቅም፣ ሕግን በቁጥር ለመጻፍ ስትቀመጪ ምን እንደቆጠርሽና ምን እንዳልቆጠርሽ በግልጽ ለመናገር ትገደጃለሽ። እኛ ገቢን ብቻ ነበር የቆጠርነው።

በሌላ ጥናቷ ደግሞ በ54ቱም የአፍሪካ አገሮች ሰዎች ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ወባና ስለ ሳንባ ነቀርሳ በኢንተርኔት ምን እንደሚፈልጉ ከባልደረቦቿ ጋር መርምራለች። ሰው ለጤና ባለሙያ አፍ አውጥቶ የማይጠይቀውን፣ ስለ መገለልና ስለ ባህል መድኃኒት፣ ስልኩን ይጠይቃል። ስልክ የሌላት ግን እዚያም አትቆጠርም፤ ይህን የምንለው ከአባሎቻችን ብዙዎቹን ስለምናውቅ ነው።

ስለ መምህርነቷ ሳንናገር አንቀመጥም። ገና የዶክትሬት ተማሪ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ከኪራ ጎልድነር ጋር አልጎሪዝምን ለተጎዱ ወገኖች ጥቅም ማዋልን የሚያጠና የንባብ ቡድን አቋቋመች። ቡድኑ አድጎ ከብዙ አገር ተመራማሪዎችን አሰባስቧል። በ2017 ደግሞ እንደሷ አዲስ አበባ ተወልዳ ካደገችው ከትምኒት ገብሩ ጋር፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መስክ ያሉ ጥቁር ተመራማሪዎችን የሚያገናኝ ድርጅት ከመሠረቱት አንዷ ናት። እንደ እቁባችን ነው፤ ጥቂት ሰው በመተማመን ይጀምረዋል፣ ከዚያ ሌላው ይመጣል። እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆኑት ፕሮፌሰር ጀላኒ ኔልሰንም እ.ኤ.አ. በ2011 አዲስ አበባ ላይ አዲስ ኮደር የተባለ የክረምት ትምህርት ጀምረው፣ ከተለያየ የአገሪቱ ክፍል ለተመረጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አልጎሪዝም በነፃ ያስተምራሉ። ልጆቻችሁን ከሒሳብ አታሽሹብን። ሐይቅ የትምህርት አገር ናት። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ሲያስተምሩ ተማሪው ከሩቅ ይመጣ ነበር። እዚያ ገዳም ሴት አትገባም፤ ሥርዓቱ ነው፣ ቅሬታ እያነሳን አይደለም። ሴት ልጅ የምትገባበትን ሌላ በር መፈለጉ ግን በእኛ ላይ ወድቋል።

አሁን ወደ መዝገባችን። የሂሳብ ክፍሉ መመሪያው እንዲሻሻል ረቂቅ አቅርቧል፤ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ አንድ ገጽ ብቻ ነው። የ3,000 ብሩ መስመር ይነሳል። በምትኩ ቅጹ ገቢን፣ የወር ወጪን፣ በእጅ ያለ ጥሪትንና ዕዳን፣ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ድንገተኛ ችግር እንደገጠመ ይጠይቃል። ማንበብ ለማትችል እኅት የቡድን መሪዋ ታነብላታለች። እርዳታው እንደ ሁኔታው አንድ ጊዜ ወይም በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል። ለጋሾቻችን ከዚህ በኋላ በሪፖርታችን የተሰጣቸውን ብቻ ሳይሆን የተመለሱትንም ቁጥር ከነምክንያቱ ታያላችሁ። ቁጥሩ ደስ ላይል ይችላል።

እኅታችንን ቤቷ ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል። «አብሽሩ» ብላ ቡና አፈላችልን። ታሪኩን እንድንናገር ፈቅዳለች፤ ስሟን እንዳንጠራ ብቻ ነው የለመነችን። በረቂቁ ሁለተኛ ነጥብ የስፌት መኪና መግዣ እንዲሰጣት ጠይቀናል፤ ድምፅ ስትሰጡ ለየብቻ ስጡበት።

ቅጹንም አሳይተናት ነበር። አንድ ጥያቄ ቀርቷል አለችን፤ ጨምረነዋል፣ ከታች በእጅ የተጻፈው የሷ ነው። «ወደዚህ ከመምጣትሽ በፊት የሸጥሽው ወይም ልትሸጪው ያሰብሽው ዕቃ አለ?» ይላል።

ድምፅ የምንሰጠው ከቡና በኋላ ነው።