ጫት፣ ጥናትና እንቅልፍ
(በመስጊዳችን ግቢ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ራሕማኒ ራሒም።



የመስጊዱ ኮሚቴ ስለ ወጣቶቻችን ጤናና ትምህርት ጥቂት ቃል እንዳሰማ ሲጋብዘኝ ብዙ ርዕስ በሐሳቤ መጥቶ ነበር። በመጨረሻ ግን አንድ ብቻ መረጥሁ። እርሱም ልጆቻችን ለጥናት ብለው ስለሚቅሙት ጫትና በእርሱ ምክንያት ስለሚያጡት እንቅልፍ ነው። እኔ ወሎ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የባዮሎጂ መምህር ሆኜ አገልግያለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ እኔው ራሴ ለማትሪክ ፈተና እየቃምሁ ያጠናሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ የምናገረው ከሩቅ ቆሜ አይደለም።

በዚያን ጊዜ ስድስት ሆነን አንዲት ክፍል ተከራይተን ሌሊቱን ሙሉ ደብተር ስናገላብጥ እናድር ነበር። ምርቃናው ሲመጣ የማይገባን ነገር አልነበረም። ያነበብነው ሁሉ ከእጃችን የገባ ይመስለናል። የፊዚክስ ፈተና ዕለት ጠዋት ጥያቄውን ሳየው ገጹ ትዝ አለኝ፤ በስተግራ በኩል ሥዕል እንደነበረበት እንኳ አስታወስሁ። የተጻፈው ግን ጠፋ። እርሳስ የያዘው እጄም ይንቀጠቀጥ ነበር።

ለምን እንዲህ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። በለጋ የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ይህ ንጥረ ነገር ካቲን ወደሚባል ደከም ያለ ነገር ይለወጣል። ነጋዴው ጫቱን በኮባ ጠቅልሎ በጥድፊያ ገበያ የሚያደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ካቲኖን ልብን በፍጥነት ያስመታል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍን ያባርራል። በሌላ በኩል ቀን የተማርነው ነገር በአእምሯችን ተደላድሎ እንዲቀመጥ እንቅልፍ የግድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቅሞ የሚያድር ተማሪ በቀዳዳ ጆንያ እህል እንደሚሰፍር ሰው ነው። ሲሰፍር ይታየዋል፤ ጆንያው ግን አይሞላም።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር ነገሩ ይበልጥ ተጋለጠ። ልጆቹ ለቀናት ከቤታቸው ርቀው፣ ያለ ጫት ሰነበቱ። ዓመቱን ሙሉ በምርቃና ያጠና አንድ ልጅ ከፈተናው ወረቀት ላይ እንቅልፍ እንደጣለው ራሱ ነግሮኛል። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ እንዲያውም ከጎበዞቹ አንዱ ነበር።

እዚህ ላይ አባቶቼ እንዳትቀየሙኝ። በወሎ ጫት በሐድራና በዱዓ ላይ የቆየ ነገር ነው። ዑለማዎችም ስለ እርሱ ለረጅም ዘመን ተከራክረዋል፤ በዚያ ክርክር ለመግባት ዕውቀቱ የለኝም። ለስንቱ ቤት ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛው የጫት ገንዘብ መሆኑንም አውቃለሁ። እኔ የምለምናችሁ ጥቂት ነው፦ የ15 ዓመት ልጅ ጫት ገዝቶ እንዲመጣ አትላኩት፤ በበርጫው ላይም «አንድ ዘለላ ቅመስ» አትበሉት።

የሚቅም ልጅ ያላችሁ ደግሞ ጩኸትና ዱላ እንዲደበቅ ብቻ ያስተምረዋል። አስቀምጣችሁ በእርጋታ ጠይቁት። ሲተው ለጥቂት ቀናት ድካም፣ ድብርትና ዱካክ ይመጣበታል፤ ይህን አስቀድሞ ካወቀ አይደነግጥም። ለዚህም ነው የፈተና ሳምንት ማስተው የማይመከረው፤ ክረምት ይሻላል። ቁርስ ይብላ፤ ከሰዓት በኋላ በበርጫው ሰዓት ሥራ ወይም ኳስ ይኑረው። ሰዎች ያሳድዱኛል፣ ድምፅ ይሰማኛል ካለ ግን ቤት ውስጥ አትያዙት፤ ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

«ታዲያ ካልቃመ መቼ ያጥና?» ትሉኝ ይሆናል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። አሁን የሶላታችንን ሰዓት ተመልከቱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዒሻእ በኋላ ወሬ መቀጠልን ይጠሉ እንደነበር በሐዲስ የታወቀ ነው። በአገራችን ከዒሻእ በኋላ ጥቂት አጥንቶ ከምሽቱ 3 ሰዓት የተኛ ልጅ፣ ለሱብሒ 11 ሰዓት ላይ ሲነሣ 8 ሰዓት ሙሉ ተኝቷል። ከሱብሒ በኋላ እስከ ትምህርት ቤት ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ፣ ቤቱም መንደሩም ጸጥ ያለበት፣ ለሒሳብና ለፊዚክስ ከማንኛውም ሰዓት ይበልጣል። ሞባይሉ ግን ከአባት ወይም ከእናት ዘንድ ይደር። ከትራሱ ሥር ያለ ሞባይል እንቅልፍ በመንሣት ከጫት ብዙም አያንስም።

ስለ ሴቶች ልጆቻችንም አንድ ቃል ልጨምር። አብዛኞቹ አይቅሙም፤ ግን እነርሱም አይተኙም። ወንድሟ ሲያጠና እርሷ ዕቃ ታጥባለች፣ ለነገ ሊጥ ታቦካለች፣ ደብተሯን የምትከፍተው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። ጠዋት ደግሞ ከሁሉም ቀድማ ትነሣለች። እናቶች፣ ይህን ሥራ ለወንዱም አካፍሉት። ሰሐን በማጠብ ማንም ወንድነቱ አልቀነሰም፤ እኔ እስካሁን አጥባለሁ።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ግቢ ልምጣ። ከዉዱእ ቦታው አጠገብ ያለችው ክፍል ባዶዋን ነው የምትውለው። ኮሚቴው ከመግሪብ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ለጥናት እንድትከፈት ፈቅዷል፤ አምፖልና አግዳሚ ወንበርም ተገኝቷል። ለሴቶች ልጆች የቅዳሜና የእሑድ ጠዋት ተለይቶላቸዋል። የጎደለው ቁልፉን ይዞ የሚቀመጥ ሰው ነው። ማስተማር አይጠበቅበትም፤ መገኘቱ ይበቃል። ሰኞና ረቡዕ እኔ እቀመጣለሁ። ለቀሩት ቀናት የምትችሉ ከጁምዓ በኋላ ስማችሁን ለኮሚቴው ጸሐፊ አስመዝግቡ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።